ካርቡራተር ጣርማ በርን አያውቅም

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ባጊ፣ ማለትም አሸዋና በረሃ ላይ ስለሚነዳው ክፍትና ቀላል መኪና፣ አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «ቡናህን ይዘህ አንብበው፤ ትናደዳለህ» የሚል ጨምሮበታል። አነበብኩት። ብዙም አልተናደድኩም። ጸሐፊው እጃቸው ግሪስ የነካ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለ ሻንሲ አበያየድ የጻፉት ክፍል ጋራዥ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይበዛበትም። ሞተርና ነዳጅ ላይ ሲደርሱ ግን መንገድ ሳቱ። ያንን ምክር ይዞ ነገ ሶማሌ ተራ የሚወርድ ልጅ አይጠፋም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ላላነበበው በአጭሩ ልንገር። ጸሐፊው የሚሉት አምስት ነገር ነው። ባጊ ማለት ጉልበት ነውና ከአሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ፓትሮል የወረደ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ከቮልስ ካምቢዮ ጋር ይጋጠም ይላሉ። እሱ ካልተገኘ የቮልሱ የራሱ ሞተር እንዳለ ይቀመጥ፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ በረሃ አይፈራም ይላሉ። ነዳጁ ወደ ሞተሩ በሚሳበው አየር ብቻ ነዳጅ በሚያቀላቅለው በካርቡራተር ይሁን፤ በኤሌክትሪክ ፓምፕና በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክሽን ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ያስቀራል ይላሉ። ከፍታ ሲቀያየር ጄት፣ ማለትም የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ፣ መቀየር ይበቃል ይላሉ። በመጨረሻም፣ የግድ ኢንጀክሽን የምትሉ ከሆነ ትልልቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው አፍ)፣ በደቂቃ 400 ሲሲ የሚረጭ፣ ግጠሙ፤ ጉልበቱ እዚያ ነው ይላሉ።

በተራ እሄዳለሁ። የከፍታው ነገር ላይ ግን ቆየት እላለሁ፤ እኛን የሚመለከተው ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ከጉልበቱ ልጀምር። ባጊን ባጊ ያደረገው ቅለቱ ነው። ታሪኩም ይህንኑ ይናገራል። ካሊፎርኒያዊው ብሩስ ማየርስ ማየርስ ማንክስ የተባለውን ባጊ መጀመሪያ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አካሉ ፋይበርግላስ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የቮልስ። በ1967 እሱና ጓደኛው ቴድ ማንግልስ የሜክሲኮን ባሃ ካሊፎርኒያ ከላ ፓዝ እስከ ቲኋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጡት። ቀድሞ በሞተር ሳይክል ተይዞ የነበረውን ሰዓት በአምስት ሰዓት ገደማ አሻሻሉ ማለት ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የመጀመሪያው የባሃ ውድድር ደግሞ ማንግልስና ቪክ ዊልሰን በማንክስ በ27 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ቀድመው ገቡ። ይህን ሁሉ ያደረገው ያው ባለ አራት ሲሊንደር የቮልስ ሞተር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቮልስ 1600 ሞተር ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት ይሄዳል። የላንድክሩዘሩን ስድስት ሲሊንደር ያለ ሰንሰለት መስቀያ ማን ያነሳዋል? ያ ሁሉ ብረት ከኋላ ጎማ ኋላ ሲንጠለጠል የፊት ጎማ ይቀላል። ዳገት ላይ መሪ ታዞራለህ፣ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አሸዋ ላይ ደግሞ የኋላው ይቀበራል።

ካምቢዮውስ? የቮልስ ካምቢዮ የተሠራው 50 ፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በታች ለሚሰጥ ሞተር ነው። ትንሽ ጨምረህበት ይታገሣል። ስድስት ሲሊንደር ስትጭንበት ግን ቀድሞ የሚያልቀው ጥርሱ ነው። አሸዋ ላይ ጎማው በባዶ ስለሚሽከረከር ለጊዜው አይታወቅም። ጎማው ድንጋይ ሲይዝ ድምፁን ትሰማዋለህ። ስለዚህ እኔ የምለው የእሳቸውን ተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ካምቢዮ ምረጥ፣ ካምቢዮው የሚችለውን ሞተር ከዚያ ፈልግ።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ብዙ አልቆይም። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አይፈላም፤ የሚፈላ ውሃ የለውማ! አይሞቅም ማለት ግን አይደለም። እንዲያውም ሲሞቅ አይነግርህም። ባለ ራዲያተሩ መኪና ጌጁ ይወጣል፣ እንፋሎት ይታይሃል፣ ትቆማለህ። ቮልስ ዝም ብሎ ይጠበሳል። ቮልስ የሚያውቅ ሁሉ የሦስተኛውን ሲሊንደር ነገር ያውቃል። በድሮው አሠራር የዘይት ማቀዝቀዣው የቬንትሌተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ቆሞ ወደዚያ ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርዳል። ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ያወጣው በ1971ዱ ሞዴል ነው። በዚህ ላይ ባጊ ሠሪዎች «ሞተሩ ይታይ» ብለው ቆርቆሮዎቹን ገንጥለው ይጥላሉ። ከዚያ ሞተሩ ራሱ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል። ቆርቆሮው ጌጥ አይደለም፤ የሞተሩ ራዲያተር ማለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ካርቡራተርና ኢንጀክሽን። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት አላቸው፤ ልንነፍጋቸው አይገባም። ኢንጀክሽን ያለው ባጊ በረሃ ላይ ሰው ያስቀራል። እኔንም አስቀርቶኛል። ከመተሐራ አለፍ ብሎ፣ ፈንታሌን በግራ እያየሁ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቁልፍ ስከፍት የቤንዚን ፓምፑ ድምፅ የለም። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ለፓምፑ ኤሌክትሪክ የሚያበራውን ሪሌይ ከሌላ ጋር አቀያየርኩ፣ ያው ነው። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ተጋድሜ ያገኘሁት ምን ነበር? የፓምፑን ኔጌቲቭ ሽቦ ያሰርኩበት ቡሎን ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ነው ያረፈው። መንቀጥቀጡ አላላው፣ ቀለሙ ከለከለው። በካራ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አጠበቅኩት፤ ወዲያው ተነሳ። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። ኢንጀክሽን የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ በሽቦ፣ በሪሌይ፣ በፓምፕ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሲሞት አላጋጠመኝም።

ካርቡራተሩ ግን ምንም ሳይበላሽ ነው የሚያስቸግረው። ውስጡ ነዳጅ የሚጠራቀምባት ትንሽ ሳህን አለች። የነዳጁን ልክ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ናት። ይህ ሁሉ የታሰበው ለአስፋልት ነው። ባጊው ጎኑን ወደ ገደል ሰጥቶ ሲሄድ ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። በአንዱ በኩል ሞልቶ ይፈሳል፣ በሌላው ጄቱ አየር ይስባል። ጉብታ ላይ ዘሎ ሲያርፍ ተንሳፋፊዋ ትዘላለች። ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ይቆማል፣ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። መካኒክ ጋ ስትወስደው «ምንም የለውም» ይልሃል። እውነቱን ነው፤ ሜዳ ላይ ምንም የለውም።

ደግሞም ኢንጀክሽን ለቮልስ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች ነገሩን ከየት እንዳመጡት አይገባኝም። በብዛት ለተመረተ መኪና ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ቀድሞ የገጠመው ራሱ ቮልስዋገን ነው፤ በ1967፣ በ1600 ሞዴሉ ላይ፣ የቦሽ ዲ-ጄትሮኒክን። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ቮልሶች በ1975 ኢንጀክሽን ገብቶላቸዋል። የሜክሲኮዎቹም ከ1993 አካባቢ ጀምሮ ምርቱ ፑዌብላ ላይ በ2003 እስኪቆም ድረስ የወጡት ከነኢንጀክሽናቸው ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ያው 1600 ሞተር ነው።

አራተኛው ነጥብ ላይ ደረስን። ከፍታ ሲቀያየር ጄት ቀይር፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ይላሉ ጸሐፊው። ጄት ማለት ካርቡራተሩ ውስጥ ያለች፣ ቀዳዳዋ በልክ የተበሳች ናስ ናት። ነዳጁ የሚያልፈው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ አትሰፋም፣ አትጠብም። የአገራችን መንገድ ግን ያለማቋረጥ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ቁጥሩን እንየው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ 50 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቮልስ እዚህ 38 ቢሰጥ ነው። ያ የተፈጥሮ ነው፤ ኢንጀክሽንም አይመልሰውም። የጠፋውን አየር የሚመልሰው እንደ ተርቦ ያለ አየር የሚገፋ ዕቃ ብቻ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጁን ይቀንሳል፤ የሚገባውን ያህል ግን አይቀንስም። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር አዲስ አበባ ላይ 15 በመቶ ያህል ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል፣ ቤንዚን ይጨርሳል። ይህ ኪስ ይጎዳል እንጂ ሞተር ወዲያው አይገድልም።

የሚገድለው ተቃራኒው ነው። አዲስ አበባ ላይ አሳምረህ አስተካክለህ ወደ አዋሽ ትወርዳለህ። አዋሽ ሰባት 1,000 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ወፍሯል፣ ጄቷ ያቺው ናት። አሁን ሞተሩ ከሚያስፈልገው 8 በመቶ ያህል ያነሰ ነዳጅ ነው የሚያገኘው። ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ዳሎል ብትወርድ ወደ 14 በመቶ ይደርሳል። ነዳጅ ያነሰበት ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሠራ ይግላል። የውጪው ሙቀት አለ፣ አሸዋው ሞተሩን ያስጨንቃል፣ አንተ ደግሞ ረግጠኸዋል። ሦስቱ አንድ ላይ መጡ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ባጊዬ የሞተው እንዲሁ ነው። ከአዋሽ ስመለስ በሦስት ሲሊንደር እየተንተፋተፈ ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ ቴስታታውን አስነሳሁ። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ጠርዙ ጎድሏል። ልጅ የነከሰው ብስኩት ነው የሚመስለው። ያቺን ቫልቭ አልጣልኳትም፤ ጠረጴዛዬ ላይ የወረቀት መያዣ ሆናለች።

ታዲያ ጄቱን ብቀይርስ? እሺ፣ እንቀይር። ካርቡራተሩ ሁለት ከሆነ ሥራው እጥፍ ነው። መንገድ ዳር ቆመህ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እያንጠባጠብክ ክዳኑን ትከፍታለህ። ነፋሱ አሸዋ ይረጫል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጄቷ ውስጥ ገባች ማለት ሥራው እንደገና ነው። ይህን አዋሽ ላይ ሠርተህ ማታ ወደ ናዝሬት ስትወጣ ደግሞ ልትመልሰው ነው። በደብረ ብርሃን በኩል ብትሄድማ ይብሳል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈህ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,300 ሜትር አካባቢ ነህ። የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። በየትኛው ጄት ልትነዳው ነው?

ኢንጀክሽን ይህን የሚፈታው በአንዲት ሴንሰር ነው። አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ፣ ማኒፎልዱ፣ ውስጥ ያለውን ግፊት ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ የአየሩን ሙቀት ጨምሮ ስንት አየር እንደገባ ያሰላል፤ ኢንጀክተሩን ለዚያ ያህል ጊዜ ይከፍታል። አየሩ ሲሳሳ ያሳጥራል፣ ሲወፍር ያስረዝማል። ጣርማ በር ላይም ሸዋ ሮቢትም ላይ ያው ሥራ ነው።

ግን ኢንጀክሽን ሁሉ አንድ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጸሐፊውን የሚደግፍ ነገር እኔው ራሴ ልጨምር። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ፣ በፔዳል የሚከፈት የአየር በር የሚገጥሙ አሉ። ያምራል፣ ድምፁም ደስ ይላል። በዚያ አገጣጠም የማኒፎልድ ግፊቱ ስለሚንቀጠቀጥ ብዙዎች ኮምፒውተሩን በፔዳሉ አረጋገጥ ብቻ እንዲያሰላ ያደርጉታል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ከፍታን አያውቅም፤ ውድ ካርቡራተር ገዛህ ማለት ነው። እንደ ሜጋስኩዊርት ባሉ ራስህ በምትገጥማቸው ኮምፒውተሮች የውጪውን ግፊት ቁልፍ ሲከፈት አንድ ጊዜ አንብቦ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ያ ያግዛል፤ ግን ጣርማ በር ላይ ያነበበውን ይዞ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የምታደርገው ቀላል ነው፤ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቆም ብለህ ሞተሩን አጥፍተህ ታስነሳዋለህ። ይህን ሳላውቅ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ሴንሰር ስቀይር ከርሜያለሁ። የተሻለው ግን ሁለተኛ የግፊት ሴንሰር ለውጪው አየር መግጠም ነው። ከሁሉ የሚቀለው ደግሞ አንድ የጋራ የአየር በር፣ አንድ ማኒፎልድ፣ በግፊት የሚያሰላ ኮምፒውተር። ውበቱ ይቅርብህ።

አምስተኛው ነጥብ በሂሳብ ያልቃል። 100 ፈረስ ጉልበት የሚሰጥ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በደቂቃ ግማሽ ሊትር፣ ማለትም 500 ሲሲ ነው። ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 125 ሲሲ። ኢንጀክተር ከ80 በመቶ በላይ ጊዜውን ክፍት ሆኖ እንዲሠራ አይመከርም፤ ስለዚህ 160 ሲሲ የሆነ ይበቃዋል። ጸሐፊው የሚሉት 400 ሲሲ ለዚህ ሞተር ምን ያደርግለታል? ጉልበት የሚመጣው ከአየር ነው፤ ኢንጀክተር የሚሰጠው አየሩ የጠየቀውን ነው። ትልቁን ስትገጥም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ኢንጀክተሩ የሚከፈትበት ጊዜ እጅግ ያጥራል። እንደዚያ ባጠረ ጊዜ ልኩን አይጠብቅም። ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መብራት ላይ ይጠፋል፣ ፔዳሉን ቀስ ብለህ ስትነካው ይዘላል። ድንጋያማ ዳገት ላይ ደግሞ የሚያስፈልግህ ያ ቀስ ብሎ መንካት ነው።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አንድ ነገር አለ፤ የነዳጅ መንገዱ። የኢንጀክሽን ፓምፕ 3 ባር አካባቢ ይገፋል። የካርቡራተር ጎማ ቱቦ ያንን አይችልም። አንድ ቀን ፋሼታው ጋ ተሰንጥቆ የጋለ ማርሚታ ላይ ይረጫል፤ የቀረውን አልነግርህም። ለግፊቱ የተሠራ ቱቦ ግዛ። ፓምፑ መግፋት እንጂ መሳብ አይወድም፤ ከታንኩ ዝቅ አድርገህ ስቀለው። በዋናው ታንክና በፓምፑ መካከል አንድ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር የምትይዝ ትንሽ ታንክ አስገባ፤ በደካማ ፓምፕ ሁልጊዜ ሞልታ ትቀመጥ። ባጊው በጎኑ ሲያጋድል ዋናው ታንክ አየር ቢሰጥም ዋናው ፓምፕ አየር አይስብም። የቮልሱ አሮጌ ዲናሞም በዝግታ ሲዞር ባትሪ አይሞላምና ለፓምፑና ለኮምፒውተሩ ስትል በአልተርኔተር ቀይረው።

ታዲያ አንተ የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ ነገሩ በእጃችሁ ባለው ይወሰናል። የቮልስ ወለልና ካምቢዮ ካላችሁ 1600ውን ከነቆርቆሮው አኑሩት፤ በግፊት የሚያሰላ ኢንጀክሽን ጨምሩበት። ከባዶ በብረት ቧንቧ የምትጀምሩ ከሆነ ግን ቮልስን እርሱት። ፊቱ ሳይሆን ኋላው የተጋጨ ቪትዝ ወይም ያሪስ ፈልጉ። 1ኤንዜድ የሚባለው 1,500 ሲሲው ከተገኘ ሰርግ ነው፤ ከ100 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ይበልጣል፣ የቫልቭ ዘንጉ በካቴና ነው የሚዞረው። ሞተሩን ከነካምቢዮውና ከነሰሚያሱ እንዳለ አውጥታችሁ ከኋላ አስቀምጡት። ካምቢዮው ለሞተሩ የተሠራ ስለሆነ የጥርስ ጭንቀት የለም። የራሱ ኢንጀክሽን አየሩን በክብደት ስለሚለካ ከፍታውን ራሱ ይቆጣጠረዋል። በዘይት የሚነከር የአየር ፊልትሮ ግን አትጠቀሙ፤ ዘይቱ የሴንሰሩን ሽቦ ይለብሰዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር ቁልፉንና ቁልፉን የሚያነበውን ቀለበት አብራችሁ ውሰዱ። ያንን የረሳ ሰው አውቃለሁ፤ ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋበታል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ሞተር የሚጥል ሰው ስለሌለ ዋጋ ተከራከሩ።

መንገድ ስትወጡ አንድ መለዋወጫ ፓምፕ፣ ሁለት ሪሌይ፣ ፊውዝ፣ የሞተሩን ዙር የምታነብ አንድ የክራንክ ሴንሰር ያዙ። ሁሉም አንድ የጫማ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ቀለም መፋቂያ ካራም አይጥፋ።

ሻንሲውን ግን ጸሐፊው ባሉት መንገድ ነው የምበይደው። ቧንቧው ባለፈው ቅዳሜ ከምን አለሽ ተራ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ተጋድሟል።